ሁለት አረንጓዴ ክር

ወደ ነቀምቴ የተነሣሁት አክስቴን ላመጣ ነው። ወንድሞቼ ተሰብስበው ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ታናሹ ቤት አንድ ክፍል ቀለም ተቀብቶ፣ አልጋም ገብቶለት ሰው ይጠብቃል። ለዚህ ጉዳይ የተመረጥኩት አንደበተ ርቱዕ ስለሆንኩ አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሠራሁት፤ ስለዚህ የጎደለ ነገር ከፅጌ ዓይን አያመልጥም ብለው ያምናሉ። ሲያሾፉብኝ ደግሞ ለሰላምታም ደረሰኝ ትጠይቃለች ይሉኛል።

አንድ ነገር እንደጎደለ ጠርጥረናል። አክስቴ እትዬ ተዋበች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ በሚባል ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስንደውል ግን ጫልቱ የምትባል ጎረቤት ከጎናቸው አትጠፋም። “ዓይንዎ እንዴት ነው?” ብለን ስንጠይቅ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ “ኧረ ደህና ናቸው፣ ከእኛ የበለጠ ይሰፋሉ” የምትለው እሷ ናት። የሚሰፉትም ድሪቶ ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተጋጠመ፣ መሐሉ አሮጌ ብርድ ልብስ ገብቶበት፣ ከሥሩ አቡጀዲ ተደርጎለት በእጅ የሚሰፋው ወፍራም የአልጋ ልብስ። በእኛ ሰፈር ድሪቶ ለባሽ ማለት ስድብ ነው። ሰባን ያለፉ ሴትዮ ለማን ነው የሚሰፉት? ማን ነው የሚጠቀመው? ይህን አጣርቼ፣ አክስቴን ይዤ ልመለስ ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ።

ከአስኮ እስከ ባኮ

አስኮ መናኸሪያ የነቀምቴው መኪና ረዳት “ሞልቷል፣ ግቡ፣ ልንወጣ ነው!” እያለ ይጮሃል። በመስኮት ሳይ እውነትም ሞልቷል። ገብቼ ስቀመጥ ግን ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ አንድ በአንድ እየወረዱ ሄዱ። ለካ መኪናው የሞላ እንዲመስል የተቀመጡ የተራ አስከባሪ ጓደኞች ናቸው። እኔም ሻንጣዬን ከላይ እንዲጭኑት አልሰጠሁም፤ እስከ መጨረሻው ጉልበቴ ላይ ይዤው ሄድኩ።

አምቦ ቁርስ በላን። ጌዶ ላይ ብርዱ በጋቢ አስጠቀለለኝ፤ ቁልቁለቱን ጨርሰን ባኮ ስንደርስ ደግሞ ጋቢውም ሹራቡም ከበደኝ። ባኮ ላይ አንዲት ሴት ማንጎ በፌስታል አድርጋ በመስኮት አቀረበችልኝ። ከላይ ያሉት ያማሩ ስለሆኑ ፌስታሉን ገልብጬ የታቹን አየሁ።

“አዴ፣ ሁሉም የአንድ ዛፍ ነው” አለችኝ እየሳቀች።

የታቹ ከላዩ ይበልጥ የበሰለ ነበር። ቢሆንም አንድ ሁለቱን ጫን ጫን አድርጌ ካየሁ በኋላ ነው የገዛሁት።

ከባኮ ወዲያ ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ሻንጣዬን ሲከፍት ጫልቱ በስልክ ያዘዘችኝን መርፌ አገኘ፤ ብዙ እሽግ ነው።

“እናቴ፣ ይሄ ሁሉ መርፌ ምን ያደርጋል?”

“ለድሪቶ ነው።”

ፊቴን አየ፤ እሽጉን አየ፤ እንደገና ፊቴን አየ። ሥራው ስለሆነ አልተቀየምኩትም፤ እንዲያውም አንዱን እሽግ ብቻ ከፍቶ ሌላውን በማለፉ ትንሽ ታዘብኩት። በሲሬ አድርገን ነቀምቴ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው።

ባኬ ጃማ

አክስቴ በር ላይ ጠበቁኝ። አቅፈው ሳሙኝና ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አድርገው “ፅጌዬ፣ ከስተሻል” አሉ። ቤታቸው እንደ ድሮው ጥርት ያለ ነው። ልቀመጥ ብዬ ዱካውን ወደ መስኮቱ ሳብ ሳደርግ ግን ድምፃቸው ተለወጠ።

“እሱን ዱካ ከቦታው መልሺው።”

እንዲህ የሚቆጡ ሰው አልነበሩም። መለስኩት። ወዲያው በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ፤ አንዲት ደልደል ያለች ሴት “አካም ጅርቱ፣ አዮ!” እያለች ገባች። አዮ በዚህ አገር እናቴ ማለት ነው፤ አዴ ደግሞ እንደ እኔ ላለችው የአክብሮት መጠሪያ። ጫልቱ ናት። በእጇ የአክስቴን ቤት ቁልፍ ይዛለች።

“በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ አዴ ፅጌ! እንኳን ደህና መጣሽ” ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። እኔ ዓይኔን ከቁልፉ ላይ አላነሣሁም።

ገበያ

በማግስቱ ከጫልቱ ጋር ክር ልንገዛ ወጣን። አክስቴ “የኔን እሷ ታውቀዋለች” ብለው ቤት ቀሩ። እነዚህ ሴቶች አንድ ወግ አላቸው፤ እያንዳንዷ የራሷ የክር ቀለም አላት። ድሪቶው ሲያልቅ የትኛው ስፌት የማን እጅ እንደሆነ በክሩ ይታወቃል። የጫልቱ ቀይ ነው፤ የአክስቴ አረንጓዴ።

ጫልቱ ክር ስትመርጥ ማየት ለእኔም ትምህርት ነው። ከጥቅሉ ሳብ አድርጋ በጥርሷ ትበጥሳለች። በምራቋ አርሳ ነጭ ጨርቅ ላይ ታሸዋለች፤ ቀለሙ ከለቀቀ ወዲያ ነው። ጫፉን በክብሪት ታቃጥላለች፤ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ከሆነ ይጠነክራል። በልቤ ይህቺ ሴት ግምጃ ቤት ብትቀጠር ኖሮ አልኩ። አረንጓዴው ላይ ስትደርስ ከጉያዋ ቁራጭ ክር አውጥታ ፀሐይ ላይ አስተያየችው።

“አረንጓዴ ያው አረንጓዴ ነው” አለ ባለሱቁ ሰልችቶት።

“ለኪ፣ አይደለም! የአንተ የኮባ አረንጓዴ ነው። የእኔ የጽድ ነው።”

ሦስት ሱቅ ዞርን። የጽዱን አረንጓዴ ስታገኝ ሁለት ገዛች፤ አንዱን እኔ በያዝኩት ዘንቢል ለአክስቴ አስቀመጠች፣ ሌላውን ግን ቶሎ ብላ የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። የሌሎቹን ሁሉ አንዳንድ ብቻ ነው የገዛችው።

“አረንጓዴው ለምን ሁለት ሆነ?” አልኳት።

“አንዱ ቢጠፋስ?” ብላ ፊቷን አዞረች።

በእኔ ሙያ “ቢጠፋስ” የሚል ሰው ሊያጠፋ የተዘጋጀ ነው። ቁልፉ፣ ስልኩ፣ አሁን ደግሞ ክሩ። ማታ ለወንድሜ ደውዬ ነገሩ ደስ አላለኝም፣ አክስታችንን ቶሎ ይዣቸው እመጣለሁ አልኩት።

ረቡዕ

ሴቶቹ የሚሰበሰቡት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጫልቱ ቤት ነው። አክስቴን ይዤ ስገባ አንዷ ወሬዋን ሳትጨርስ ሌንሴ የምትባለው ሸምገል ያለች ሴት “ጨልኢሲ” አለቻት። ልጅ ሆኜ ለክረምት እዚህ እየመጣሁ የቀሰምኩት ኦሮምኛ ለዚህ አያንስም፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ዝም ያሉት እኔን አይተው እንደሆነ ገባኝ።

ሰሌን ላይ ድሪቶው ተዘርግቷል። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመጋረጃ ቁራጭ፣ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ሁሉም አለበት። ቢላ በምትባል ከተማ ለምታገባ የሌንሴ የእህት ልጅ የሚሰፋ ነው። ሴቶቹ ዙሪያውን ከበው ተቀመጡ። ለአክስቴ መርፌው ክር ገብቶለት እጃቸው ላይ ተሰጣቸው፤ ጫልቱ ጣታቸውን ይዛ “ከዚህ ነው፣ አዮ” አለቻቸው። መርፌ እንኳ በራሳቸው እንዲያዘጋጁ አይፈቀድላቸውም ብዬ በገንኩ። ወሬው ሁሉ የሚዞረው ግን በእሳቸው ዙሪያ ነው። ባላቸው በሙሽርነታቸው ሰሞን ከበቅሎ የወደቁበትን ታሪክ ሲያወሩ፣ ሴቶቹ መቶ ጊዜ የሰሙት መሆኑ ያስታውቃል፤ ገና ከበቅሎው ሳይወድቁ መሳቅ ይጀምራሉ። አክስቴን እንዲህ ሲስቁ ካየሁ ስንት ዘመኔ። ይህም ቢሆን አላሞኘኝም።

ከዚያ አንጮቴ ቀረበ። ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ድንች የሚመስል ግን ድንች ያልሆነ የወለጋ ሥራ ሥር ነው። በቅቤ እንደሚለወስ ስለማውቅ አሸተትኩት።

ሌንሴ አየችኝ። “በዘይት ነው፣ አዴ። ረቡዕ አይደል? እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በአዮ ጾም ግን እዚህ ቤት ቅቤ አይገባም።”

ሲመሽ አክስቴን ይዤ ወጣሁ። ነጠላዬን እዚያው ትቼዋለሁ፤ ሆን ብዬ ነው። አክስቴን ቤት አድርሼ “ነጠላዬን ረሳሁ” ብዬ ተመለስኩና በሩን እንደ ጫልቱ ሳላንኳኳ ከፈትኩት።

በምላጭ የአክስቴን ስፌት እየተረተሩ ነበር። አረንጓዴው ክር ሰሌኑ ላይ ተበታትኗል።

“ሥራቸው ካስጠላችሁ ለምን ፊት ለፊት አትነግሯቸውም?” ብዬ ጮህኩ። “ከሄዱ በኋላ መቅደድ ምን የሚሉት ነው?”

ጫልቱ ያልተተረተረውን ጥግ ወደ እኔ አዞረችው። ስፌቱ ጨርቁን ስቶ ይሄዳል፤ አንዳንዱ የጣት ርዝመት አለው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ያንን ሁለተኛ አረንጓዴ ክር አወጣች።

“አዮ አያዩም፣ አዴ ፅጌ። ሐኪሙ የዓይን ነርቭ ነው፣ አይመለስም አለን። ለእናንተ እንዳንናገር ደግሞ በአደራ አስረውናል። ቤተሰቦቼ ካወቁ ይወስዱኛል ብለው። ቁልፉም ቢወድቁ ብዬ ነው የያዝኩት።”

“ክሩስ?”

“በእሳቸው ክር ብናርመው ያውቁብናል፤ ጥቅሉን በእጃቸው ይመዝኑታል። ለዚያ ነው የራሳችንን የምንገዛው።”

“ካላዩ ታዲያ ቀለሙ ምን አስጨነቃችሁ?”

“እንግዳ በመጣ ቁጥር ‘የኔ የትኛው ነው?’ ይላሉ። ሰው ‘አረንጓዴው’ ሲላቸው እውነት መሆን አለበት።”

አፈርኩ። ከጎናቸው ተቀመጥኩና መርፌ ስጡኝ አልኩ። ሰጡኝ። አንድ ስንዝር ያህል ሰፋሁ። ሌንሴ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከዚያ ዓይኔ እያየ ምላጩን አንሥታ የእኔንም ተረተረችው።

ወደ ቢላ

ቅዳሜ ድሪቶውን ይዘን በሚኒባስ ወደ ቢላ ሄድን። አክስቴ ካልሄድኩ ብለው ከእኔ ጋር ኋላ ተቀመጡ፤ ድሪቶው ጉልበታቸው ላይ ነው። ጫልቱና ሌንሴ ከሾፌሩ ጎን ናቸው። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ የቆሎ ሻጭ በወጣ በወረደ ቁጥር አቧራው ይገባል። እኔ ግን አዲስ አበባ ያለው ክፍል ነው ሐሳቤ። ሴቶቹን ጠርጥሬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ፤ አክስቴ ግን ዓይናቸው ጠፍቶ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። መውሰዱ አሁን የበለጠ ተገቢ መሰለኝ።

“እትዬ” አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “አውቄአለሁ። ከእኔ ጋር እንሂድ፤ ታናሹ ቤት ክፍል ተቀብቶ ይጠብቅዎታል።”

አልደነገጡም። ጣቴን ይዘው ከድሪቶው ጀርባ አንድ ቋጠሮ ላይ አሳረፉት።

“ይህ የማን ቋጠሮ ነው?”

“የእርስዎ ነዋ፤ አረንጓዴ ነው።”

“እኔ ሁለቴ ጠምጥሜ ነው የምቋጥረው። ይህ ሦስቴ ነው፤ የጫልቱ ነው።”

“እየተረተሩት እንደሆነ ያውቃሉ?”

“ካወቅሁ ቆየሁ።”

“ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?”

“ከነገርኳቸው መርፌውን ይቀበሉኛል። ‘አዮ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ያውሩን’ ይሉኛል። እዚያ ምን ላድርግ ታዲያ? እናንተስ የቀባችሁልኝ ክፍል ውስጥ ምን ላድርግ?” እጃቸው ስፌቱን እየተከተለ ሄደ። “መጀመሪያ እንደ ድሮዬ ጥቅጥቅ አድርጌ ነበር የምሰፋው። አንድ ሳምንት ጫልቱ እጄን ስትይዝ ጣቷ በፋሻ ታስሯል። ሽንኩርት ስከትፍ ነው አለችኝ። ምላጭ መሆኑ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ረዘም፣ ላላ አድርጌ ነው የምሰፋው። ሲተረትሩት እንዳይቸገሩ ብዬ።”

እንባዬን በነጠላዬ ስጠርግ አቧራ ነው ብዬ ለረዳቱ ነገርኩት።

ሙሽራዋ ቤት ድሪቶው ሲዘረጋ ሴቶቹ እልል አሉ። አክስቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው “የኔ የትኛው ነው?” ሲሉ ጠየቁ።

“አረንጓዴው ነው፣ አዮ” አለች ሙሽራዋ። “ከሁሉም እሱ ነው ቀጥ ያለው።”

“እጄ ገና አላረጀም” አሉ እየሳቁ።

ጫልቱ አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ምስጢር ይዣለሁ፤ ከነቀምቴ ስነሣም አክስቴ ጆሮዬ ሥር “ለወንድሞችሽ የፈለግሽውን ንገሪ፤ ለጫልቱ ግን እንዳትነግሪያት” አሉኝ።

መመለስ

አስኮ ወንድሞቼ ሁለት ሻንጣ ሊቀበሉ ቆመው ነበር። አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ማንጎ ይዤ ወረድኩ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ አያዩም፣ አይመጡምም። ታናሹ ተቆጣ። ዓይነ ስውር ሴት ለጎረቤት ጥሎ መምጣት እብደት ነው አለኝ። ጎረቤቶቹን አጣርቻለሁ አልኩት። እኔ አጣርቻለሁ ካልኩ ማን ይከራከረኛል? ክፍሉን አከራይተውታል።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ሰው ማመንን አይደለም፤ አሁንም ማንጎ ስገዛ ፌስታሉን እገለብጣለሁ። ግን ሰው የሚደብቀውን ነገር ሁሉ ስርቆት አድርጌ መቁጠር ትቻለሁ። አንዳንዱ ድብቅ ነገር ከእኔ ጭምር መጠበቅ ያለበት ነው፤ ይህን በዚህ ዕድሜዬ ማወቄ ያሳፍረኛል፣ ደስም ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን ጫልቱ ደወለች። የጽዱ አረንጓዴ ከነቀምቴ ገበያ ጠፍቷል። ቁራጩን በመጣ ሰው ላከችልኝና መርካቶ ሄድኩ። በጥርሴ በጠስኩ፣ በምራቄ አሸሁ፣ ፀሐይ ላይ አስተያየሁ። አራተኛው ሱቅ ላይ አገኘሁትና “ሁለት ስጠኝ” አልኩ።

ባለሱቁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ጥርጣሬው ከፊቱ ላይ ይነበባል።

“አንድ ዓይነት ሁለት ምን ያደርግልሻል?”

“አንዱ ቢጠፋስ?” አልኩትና ፊቴን አዞርኩ።