ለራሱ ያልተከራከረው ተወዳዳሪ

ይህ የሆነው አምና ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን ነው። ሰው ለመቅጠር ባሰብን ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እኔና ጓደኛዬ አቤል ቀራንዮ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ወላጆች የልጆቻቸው ሰርቪስ የት እንደደረሰ በስልካቸው የሚያዩበት መተግበሪያ ጀምረን ነበር። መቅጠር የምንችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አቤል ሰርቨር ላይ የተካነ ሰው ካልሆነ አለ። እኔ ደግሞ ለጀማሪ የሚያዋጣው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚያውቅ ነው አልኩ።

መስማማት ሲያቅተን ሁለት ተወዳዳሪዎች ጠርተን አንድ ቀን አብረውን እንዲውሉ አደረግን። ዮናስ ለዓመታት ሰርቨር ላይ ብቻ የሠራ ነው። ሐና ግን ዲዛይኑንም፣ ኮዱንም፣ የደንበኛ ስልክ ማንሳቱንም ስትሠራ የኖረች ናት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ደወሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

“የልጄ መኪና ሳንሱሲ ላይ ቆሞ ቀረ! ሹፌሩም ስልኩ ዝግ ነው! ምን ሆነው ነው?”

ዮናስ ወዲያው ሰርቨሩን ከፍቶ አየ።

“እኛ ጋ ምንም አልተበላሸም። ከሹፌሩ ስልክ የሚመጣው መረጃ ነው የተቋረጠው” አለ።

ሐና ይህን እንደሰማች መኪናው ውስጥ ልጆቹን ለምትጠብቀዋ ረዳት ደወለች። ለካ የሹፌሩ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነው! መኪናው ሳንሱሲን ካለፈ ቆይቷል፤ መንገድ ተዘጋግቶበት እየተንቀራፈፈ ነው። ሐና ትንሿን ልጅ ራሷን ከእናቷ ጋር በስልክ አገናኘቻት። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ መረጃ ሲቋረጥ መተግበሪያው ለወላጅ በግልጽ እንዲናገር አድርጋ አስተካከለችው።

ልንለያይ ስንል ዮናስ፣ “እሷን ቅጠሩ” አለን።

“አንተስ?” አለው አቤል።

“አሁን ስንት መኪና አላችሁ?”

“ስድስት” አልኩ እያፈርኩ።

ሳቀ። “እኔ የምጠቅማችሁ መኪናው ሺህ ሲገባ ነው። በስድስት መኪና ቀኑን ሙሉ ምን ልሠራ ነው?”

ሐናን ቀጠርናት። ዮናስ ያኔ ሥራ ካጣ ወራት እንዳለፈው የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ዘንድሮ መኪናው ሲበዛ ሰርቨሩ ይንገዳገድ ጀመር። “ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ዮናስን ጥሩት” ያለችው ራሷ ሐና ናት። ደወልንለት። ሌላ ቦታ ተቀጥሯል፤ ቢሆንም ቅዳሜን መጥቶ ከእሷ ጋር ሰርቨሩን ሲያስተካክል ዋለልን።

ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው “ለሌላው ስጡት” ሲል ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላጋጠመኝም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እንዲያ እል ነበር? እንጃ።