ያልተደፋው ፎቶ

ዕዝራ የደበዘዘ ነገር አይወድም። የተጻፈ ወረቀትም ይሁን የሰው ፊት፣ ጠርቶ ካልወጣለት ከእጁ አይሰጥም። ጂንካ ውስጥ፣ ከድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ዝቅ ብሎ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችው። «ዕዝራ ጋ የምትሄድ ከሆነ ምሳህን በልተህ ሂድ» ይላሉ የሚያውቁት። እውነታቸውን ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የስካነሩን መስታወት ይወለውላል፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፤ እጥፋቱን በመዳፉ ያስተካክላል። ወጥቶ ካላማረው ሳይናገር እንደገና ይጀምራል።

የመጣው ከሳውላ ነው፤ ደርግ ወድቆ መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ገና ወጣት ሳለ። መጀመሪያ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ፊልም ያጥብ ነበር። በገበያ ቀን የተነሣ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ሲመጣ፣ ፎቶውን አውጥቶ የሚሰጠው እሱ ነው። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ያ ቤት ተዘጋ። ከዚያ ከባለቤቱ ከኢየሩሳሌም ጋር ይህችን ቤት ከፈቱ። እሷ ትተይባለች፤ እሱ ያትማል፣ በስካነር ይቀርጻል። የእንዲህ ያለ ሰው ኑሮ ይጻፋል ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ ተጠራጥሬአለሁ። ግን አሁን የምነግራችሁ ነገር በሆነ ቀን የትምህርት ማስረጃዬን ላስቀዳ ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

ነሐሴ 2003 ዓ.ም. ነው። እማማ አበዛሽ የሚባሉ የሰፈራችን እናት ልጃቸውን ዳርጌን ኦሞራቴ ላይ ወንዝ ወሰደባቸው። ዳርጌ ከዚያ ዓሣ እየገዛ ወደ ጂንካ ያመጣ ነበር። ኦሞ ሞልቶ ጀልባው ሰመጠ። ሰዎች ወንዙን ዳር ለዳር እየተከተሉ ቢፈልጉም ሬሳው አልተገኘም።

በግቢያቸው ድንኳን ተተከለ፤ ዘመድ ከወይጦ ሳይቀር መጣ። እማማ አበዛሽ ግን ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። «ፊቱን ሳላይ ምን ላይ ላልቅስ?» ይላሉ። ለቀስተኛውን እንደ እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ ወንበር ያቀርባሉ፤ ውሃ ይቀዳሉ። እንባ የለም። ሰው ፈራላቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ ሚልክያስ በመጨረሻ «ያለውን ፎቶ አስፍተን በሬሳው ፈንታ እናድርገው፤ በእሱ ላይ አልቅሺ» ብለው መከሯቸው። እሺ አሉ።

መጀመሪያ አንድ ዘመዳቸው ፎቶውን በስልኩ አንሥቶ ዕዝራ ጋ መጣ። ዕዝራ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያሰፋው ፊቱ ተበታተነ፤ ግንባሩ ላይም የአምፖል ነጸብራቅ አርፎበታል።

«ይኼ አይሆንም ወንድሜ። ዋናውን አምጣልኝ» ብሎ መለሰው።

ዋናውን ይዘው የመጡት እማማ አበዛሽ ራሳቸው ናቸው፤ አቶ ሚልክያስ ተከትለዋቸዋል። ትንሽ ጉርድ ፎቶ ነበር። ዳርጌ እንዳይረጥብበት ብሎ ላስቲክ አስለብጦታል፤ ላስቲኩ ግን በአንድ በኩል አየር ገብቶበት አብጧል። ዕዝራ ፎቶውን በሁለት እጁ ተቀበላቸው። መስታወቱን ወለወለ። ገልብጦ ሊያስቀምጠው ሲል እማማ አበዛሽ እጁን ያዙት።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ልቀርጸው ነው፣ እናቴ።»

«በፊቱ ልትደፋው?»

«የማሽኑ ዐይን ከመስታወቱ ሥር ነው። ፊቱን ወደ ታች ካላደረግነው አያየውም።»

«እኛ ቤት የሞተ በፊቱ አይደፋም። አባቱን በጀርባው አስተኝቼ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ነው የሸኘሁት።»

አቶ ሚልክያስ ጠጋ አሉና «አበዛሽ፣ ይኼ እኮ ወረቀት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ወረቀት ከሆነ በላዩ አልቅሺ ለምን አላችሁኝ? ሬሳው ይኼ ነው ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

ወረፋ ይጠብቅ የነበረ ሉቃስ የሚባል ባጃጅ ነጂ ነገሩ ስላልገባው «ጋሽ ዕዝራ፣ የኔን መንጃ ፈቃድ ድፋልኝና ልሂድ፤ እኔ ቅር አይለኝም» አለ።

ኢየሩሳሌም ከታይፑ ቀና ብላ «አንተ! የሞተ ሰው ፎቶ ነው፤ አፍህን ሰብስብ» አለችው። ሉቃስ ኮፍያውን አወለቀ።

«ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፣ እናቴ» አለ ዕዝራ።

«አንተ ልጅህን ለአንድ አፍታ ትደፋዋለህ?» አሉት። ወደ ማሽኑ እያመለከቱም «ዐይን ያለው ማሽኑ ከሆነ እሱ ጎንበስ ይበልለት» አሉ።

ዕዝራ ማሽኑን አየው። ስካነሩ እንደ ትሪ ስስ፣ ክብደት የሌለው ነው። ክዳኑን ነቅሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ጠረጴዛውን ጠረገና «ያስተኙት» አላቸው። እማማ አበዛሽ ልጃቸውን በጀርባው አስተኙት። ዕዝራ ማሽኑን በሁለት እጁ ገልብጦ፣ መስታወቱን ወደ ታች አድርጎ በቀስታ አወረደበት።

የመጀመሪያው ምስል ጭጋግ የለበሰ ነበር። የስካነሩ ጠርዝ ከመስታወቱ ከፍ ስለሚል ፎቶው መስታወቱን አልነካም። ዕዝራ ከፎቶው ሥር ካርቶን ደርቦ ከፍ አደረገው። አሁን ፊቱ ጠራ፤ ግን ነጠብጣብ ወረደበት። መስታወቱን ከውጭ ቢወለውል ለውጥ የለም። ለካ በማሽኑ ሆድ ውስጥ የበጋው አቧራ ተኝቶ ኖሮ፣ ሲገለበጥ መስታወቱ ላይ አርፏል። ብሎኑን ፈትቶ ከፈተው። መስታወት ላይ ውሃ አያፈስም፤ የመነጽሩን ጨርቅ በትንሹ አርጥቦ ከውስጥ ጠረገ፤ በደረቅ ጨርቅ ደገመው፤ እስኪደርቅም ጠበቀ። ከተሰለፍነው ማንም አልወጣም። ሉቃስ እንኳ ብሎኖቹን በመዳፉ ይዞለት ቆመ።

እንደገና ሲቀርጸው ግንባሩ ላይ ነጭ ጭረት ወጣ፤ ላስቲኩ ያበጠበት ቦታ ነው። ኢየሩሳሌም ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችና ከፎቶው ሥር አነጠፈችው፤ ለስላሳ ሲሆንለት መስታወቱ ላይ እኩል ይለጠፋል። እማማ አበዛሽ ያበጠውን ላስቲክ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደሚዳበስ። ዕዝራ ትንሽ ፎቶ ሲሰፋ እንዳይበተን የጥራቱን ቁጥር ከፍ አደረገና ማሽኑን አወረደ። በዝግታ ነው የሚሄደው። ድምፁ ብቻ ይሰማል።

ምስሉ ተከፈተ። ጸጉሩ፣ ግንባሩ፣ ሊስቅ ሲል የተነሣ የሚመስለው አፉ፣ ዐይኖቹ።

«ግራ ጆሮው ላይ ጥላ አለ። እንደገና ልሥራው» አለ ዕዝራ።

«ተወው። አየኝ» አሉ እማማ አበዛሽ።

ዕዝራ እጁን ከማሽኑ ላይ አነሣ። አስፍቶ አተመው። ኢየሩሳሌም ፖስታ ብታቀርብ እማማ አበዛሽ እምቢ አሉ፤ ምስሉን በሁለት ክንዳቸው ላይ ዘርግተው፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ወጡ። ካፊያ ጀምሮ ነበር። ዕዝራ ጃንጥላ ይዞ ሮጠ፤ የዘረጋው ግን ለእሳቸው አይደለም፤ ለምስሉ ነው። ሱቁን ለኢየሩሳሌም ትቶ እንዲሁ እያስጠለለው ሄደ። እኛም ጉዳያችንን ትተን ተከተልን።

ግቢው ስንደርስ ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ተነሣ። መሐል ላይ አልጋ ነበር፤ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት፣ እስከዚያ ድረስ ባዶ። እማማ አበዛሽ ምስሉን ትራሱ ላይ አስተኙት። አንሶላውን እስከ አገጩ ሳቡለት። ከዚያ መሬት ተቀመጡ፤ መርዶው ከመጣ ወዲህ ለቅሶ ሲቀመጡ ገና ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ዳርጌ» አሉ፣ እንደሚጠሩት ሰው። ቀጥሎ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። «ዳርጌ! ልጄ!»

ለቅሶው ከድንኳኑ አልፎ መንገድ ድረስ ተሰማ። አንዱ ዘማሪ ሊያጽናናቸው ብሎ መዝሙር ሲጀምር አቶ ሚልክያስ ክንዱን ያዙት።

«ቆይ» አሉት እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ታልቅስ።»