ባሕር ለማየት የተነደፈ ቤት፣ በቂርያት ጋት

ሃይፋ፣ ጎህ ሲቀድ

ከቤት የወጣሁት ወደቡ ገና መብራቱን ሳያጠፋ ነው። በትከሻዬ የኮምፒውተር ቦርሳ፣ በብብቴ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት። ወረቀቱ የአንድ ሕንፃ ንድፍ ነው። ቂርያት ጋት ወስጄ ለሽማግሌዎችና ለባልቴቶች በአማርኛ ላስረዳ ተልኬያለሁ።

ትርንጎ እባላለሁ። በሱዳን በኩል በእናቴ ጀርባ ታዝዬ መጥቼ፣ እዚሁ አድጌ፣ እዚሁ ተምሬ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሆኛለሁ። ይህን ንድፍ የሠራሁት ግን እኔ አይደለሁም። ስለ ሥራው የሰማሁትም ትናንት ነው። አለቃዬ ዮሲ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና፣ "አንቺ ቋንቋቸውን ትችያለሽ" አለኝ። ስለ ሕንፃው ምን እንደማስብ አልጠየቀኝም። ተናድጄ አደርሁ፤ ተናድጄ ተነሣሁ።

የሚሠራው የአረጋውያን መዋያ ነው፤ እዚህ አገር ሞአዶን እንለዋለን። አዛውንት ቀን ቀን ተሰብስበው የሚጫወቱበት፣ ምሳ የሚበሉበት፣ የደም ግፊታቸውን የሚለኩበት ቤት። የሚያሠራው አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። የቀረው የሽማግሌዎቹ እሺታ ብቻ ነው ተብያለሁ።

ሎድ፣ ባቡር ጣቢያ

ሎድ ላይ ባቡሩ ቆመ። ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር አጉረመረመ፤ የገባው ሰው የለም። አንዱ ሲነሣ ሁላችንም ተነሣን። ደረጃ ወጥተን፣ ደረጃ ወርደን ወደ ሌላው መስመር ተሻገርን። እዚያ ስንደርስ ባቡሩ የሚነሣው ከመጀመሪያው መስመር ነው ተባለ። ጠመንጃ ያነገተች አንዲት ወታደር ሻንጣዋን እየጎተተች ተራገመች። አጠገቤ ቡሬካስ የሚሉትን አይብ የተጠቀለለበት ቂጣ የሚገምጥ ሰውዬ ፍርፋሪውን ከደረቱ እያራገፈ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልሆነልኝም።

ወንበር ሳገኝ ንድፉን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ጥቂት እንዳየሁት ደሜ ፈላ። ይህን ቤት አውቀዋለሁ። መሥሪያ ቤታችን በሰሜን በኩል፣ በአንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ሠርቶታል፤ ፎቶግራፉ በቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፊቱ ከመሬት እስከ ጣራ መስተዋት ነው፤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ያያል። ፀሐይ ስትጠልቅ አዳራሹ ወርቅ ይመስላል። አሁን ያንኑ ቤት አንሥተው፣ የከተማውን ስም ብቻ ለውጠው ቂርያት ጋት አስቀምጠውታል። ባሕሩ በነበረበት ቦታ "የመኪና ማቆሚያ" ተብሎ ተጽፏል።

ስልኬን አንሥቼ ለዮሲ ደወልሁለት። ቂርያት ጋት ባሕር የላትም አልሁት። አውቃለሁ አለ። የከሰዓቱ ፀሐይ ፊት ለፊት ይገባበታል፣ ሽማግሌዎቹ ይቃጠላሉ አልሁት። ማዝጋን ለምን ተፈጠረ አለኝ። ማዝጋን የሚለው የአየር ማቀዝቀዣውን ነው። ጨምሮም፣ ያንን ቤት ሁሉም ሰው ወድዶታል፣ አንቺ ዛሬ የተላክሽው ለማስተርጎም ነው አለና ሌላ ስልክ መጣብኝ ብሎ ዘጋው።

በመስኮቱ የታጨደ የስንዴ ማሳ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የአትክልት ማብቀያ ላስቲክ ቤት፣ እንደገና የታጨደ ማሳ ያልፋል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ፀሐይዋን የሚጋርዳት ኮረብታ የለም።

ቂርያት ጋት፣ ረፋዱ ላይ

ጣቢያው በር ላይ ኤራን ይጠብቀኛል። ኤራን የግንባታው ኃላፊ ነው፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ። መኪናው ውስጥ የሲሚንቶና የማስቲካ ሽታ አለ። የድሮዎቹን ብሎኮች መካከል ለመካከል አቋርጠን ሄድን፤ የተላላጠ ግድግዳ፣ በየጣራው የውሃ ማሞቂያ በርሜል፣ በየበረንዳው ልብስ፤ በአንዱ በረንዳ ላይ የታጠበ ነጠላ ተሰጥቷል።

ቦታው ባዶ መሬት ነው። በሰሜኑ በኩል ብሎኮቹ አሉ፤ በብሎኮቹና በቦታው መካከል የእግር መንገድ ያልፋል። የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚተላለፈው በዚያ ነው፤ የገበያ ጋሪ የሚጎትቱ ሴቶች፣ ጋሪ ላይ የተኛ ሕፃን፣ ዱላ የያዙ አዛውንት። በምዕራብ መኪና ማቆሚያውና ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው የሚወስደው መንገድ ነው፤ የጭነት መኪና አይቋረጥበትም። በዚያው በምዕራቡ ጠርዝ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ተሰልፈዋል። ከሥራቸው ወንዶች የላስቲክ ወንበር አውጥተው ይጫወታሉ።

ንድፉን በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋሁት። የመስተዋቱ ፊትና ዋናው በር ወደ ጭነት መኪናዎቹ ዞረዋል። ሽንት ቤቱ፣ የማዝጋኑ ሞተርና የቆሻሻ ገንዳው ሰሜን ሆነው፣ ሰው ወደሚያልፍበት መንገድ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ባሕር ዛፎቹ ንድፉ ላይ የሉም። ኤራንን ዛፎቹ የት ናቸው ብዬ ጠየቅሁት። ወረቀቱን አየ፤ ቀና ብሎ ዛፎቹን አየ፤ ተመልሶ ወረቀቱን አየ።

"ይቆረጣሉ ማለት ነው" አለ።

የብሎኮቹ ምድር ቤት፣ ከምሳ በፊት

ስብሰባው የተጠራው ሚቅላት ውስጥ ነው። ሚቅላት ማለት ሮኬት ሲመጣ የሚገባበት የምድር ቤት መጠለያ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሌላ መዋያ ስለሌላቸው ለብዙ ዓመት የዋሉት እዚያ ነው። ወፍራም የብረት በር፣ ቁልቁል የሚወርድ ደረጃ፣ መስኮት የሌለው ክፍል፣ ቀንም ሌሊትም የሚበራ ነጭ መብራት። ሲሚንቶው ላብ ያልበዋል።

አባ ታከለ ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ። አባ ታከለ የወንዶቹ አፈ ጉባኤ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። የሴቶቹ መሪ እማ ይርገዱ ናቸው፤ የአባቴ የአጎት ልጅ። ገና ስገባ ጉንጬን እየሳሙ ከስተሻል ብለው አዝነውልኛል።

ኤራን በዕብራይስጥ ተናገረ፤ እኔ አስተረጎምሁ። ስለ ብርሃን፣ ስለ ዘመናዊነት፣ ስለ ክብር ነው የተናገረው። የእሱን ከጨረስሁ በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። እስካሁን ያልሁት የእሱ ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ነው ብዬ፣ ቤቱ ለሌላ ከተማ የተነደፈ መሆኑን፣ ከቀትር በኋላ እንደ ምድጃ እንደሚግል፣ ባሕር ዛፎቹም እንደሚቆረጡ ነገርኋቸው። ትርጉሙ ከንግግሩ መርዘሙ ለኤራን ገባው፤ ቀና ብሎ አየኝ።

አባ ታከለ ዛፎቹ ሲባል ራሳቸውን ነቀነቁ። ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ እማ ይርገዱ ተቆጡ።

"መስተዋት አያስፈልጋቸውም ነው የምትይ?" አሉኝ። "ካርሜ ጋት፣ አዲሶቹ ፎቆች ውስጥ ላሉት መስተዋት፣ ለእኛ ግድግዳ። ይኸ ሁሉ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ኖርን፤ አሁን መስኮት ሲሰጡን የገዛ ልጃችን መጥታ ትከለክለን?"

አልከለክልም፣ አንቱ፣ ስለ ፀሐዩ ነው እንጂ አልሁ። ፀሐይ እዚህ አገር ዛሬ አልመጣችም አሉ። ሴቶቹ አጉረመረሙላቸው። አባ ታከለ ስለ ዛፎቹ ጥላ ሊናገሩ ሲጀምሩ፣ እማ ይርገዱ እርስዎ ወንበርዎን ዛፍ ሥር ይዘው የሴቱን መዋያ አያበላሹብን ብለው አስቀመጧቸው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ኤራን ምን አሉ፣ ምን አሉ ይለኛል። ንድፍህን ወድደውታል አልሁት። ፊቱ በራ። እኔ በሁሉም ላይ ተቆጣሁ፤ በዮሲም፣ በኤራንም፣ በእማ ይርገዱም።

እንግዲያው ሄደን እንየው አልሁ። ካርሜ ጋት የምትሉት መስተዋት በከሰዓት ፀሐይ ምን እንደሚመስል ገብተን እንቀመጥበት። እማ ይርገዱ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። በመጀመሪያ ግን ምሳ ትበያለሽ አሉኝ፤ እየተቆጡኝ የምስር ወጥ አበሉኝ።

ካርሜ ጋት፣ ከሰዓት በኋላ

ኤራን በመኪናው ወሰደን፤ እማ ይርገዱ ከፊት፣ እኔና አባ ታከለ ከኋላ። ካርሜ ጋት አዲሱ ሠፈር ነው። ነጫጭ ፎቆች፣ ገና ጥላ ያልሰጡ ቀጫጭን ችግኞች፣ ሰፋፊ አስፋልት። ጎዳናው ላይ በእግሩ የሚሄድ አንድም ሰው አላየሁም።

ኤራን የሚያውቀው አንድ ፎቅ ውስጥ ገባን። የመግቢያው አዳራሽ ሙሉ ፊቱ መስተዋት ነው፤ ወደ ምዕራብ ያያል። ነጭ የቆዳ ሶፋዎች አሉ፤ የተቀመጠባቸው ግን የለም። ጥግ ላይ ያለው ተክል ደርቆ ቅጠሉ ጥቅልል ብሏል። ዘበኛው ጠረጴዛውን ወደ አሳንሰሩ ጓዳ ጎትቶ፣ በእሱ በኩል ባለው መስተዋት ላይ ካርቶን ለጥፏል። ማዝጋኑ በኃይል ያጓራል።

ተቀመጥን። ሶፋው ያቃጥላል። ፀሐይዋ ከመስተዋቱ አልፋ ጉልበታችን ላይ፣ ደረታችን ላይ፣ ዓይናችን ውስጥ ገባች። ኤራን መነጽሩን ቢያደርግም ግንባሩ ወዲያው በላብ ራሰ። አባ ታከለ ባርኔጣቸውን ወደ ቅንድባቸው ሳቡ። እማ ይርገዱ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አላወለቁም። ይሞቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ደኅና ነው አሉ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅሁ። ደኅና ነው አልሁሽ እኮ አሉኝ። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል። በእልሃቸው ልጮኽ ደረስሁ።

አባ ታከለ ተነሥተው ወጡ። ኤራን ስልክ አለብኝ ብሎ ተከተላቸው። ሁለታችን ብቻ ስንቀር እማ ይርገዱ የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው ፊታቸውን ጠረጉ።

"እኔ መስተዋቱን ወደ ውጭ ለማየት የፈለግሁት መሰለሽ? ውጭ ምን አለና አያለሁ" አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝግ ብሎ ነበር። "የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በዚያ መንገድ ያልፋሉ። እኔ ምድር ቤት ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ እነሱ ግን እዚያ መኖሬንም አያውቁ። ሲያልፉ እንዲያዩኝ ነው። ባይገቡም እጃቸውን ያነሣሉ።"

በየትኛው መንገድ ብዬ ጠየቅሁ፤ መልሱን ግን አውቀዋለሁ። በብሎኮቹ በኩል ባለው አሉኝ። ንድፉን ሶፋው ላይ ዘረጋሁትና ሰሜኑን በጣቴ አሳየኋቸው። ይኸ በእናንተ በኩል ያለው መንገድ ነው፤ እዚህ የተቀመጠው ሽንት ቤትና የቆሻሻ ገንዳ ነው አልኋቸው። ልጆቹ ሲያልፉ የሚያዩት እሱን ነው። ፀሐይ ደግሞ በዚህ በኩል አትመጣም፤ መስተዋቱ እዚህ ቢሆን አይቃጠሉም።

ወረቀቱን አተኩረው አዩት። "ታዲያ ይኸን ጠዋት ለምን አልነገርሽንም?" አሉ።

ጠዋት ስለ ፀሐይ ብቻ ነበር የተናገርሁት። የሰው መንገድ በየት በኩል እንደሆነ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ማንን ለማየት እንደሚፈልጉ ግን አልጠየቅኋቸውም። እንውጣ አልኋቸው፤ ክንዴን ይዘው ተነሡ።

ውጭ ለኤራን ነገርሁት፤ ሽንት ቤቱ ወደ ምዕራብ፣ መስተዋቱና በሩ ወደ ሰሜን። የምዕራቡ ግድግዳ ድፍን ሆኖ ፀሐይዋን ይመክታል፤ ባሕር ዛፎቹም ያግዙታል። አባ ታከለ ዛፎቹ ካልተቆረጡ ይሁን አሉ። ኤራን የፍሳሽ ቧንቧው ይረዝማል አለኝ። ይርዘም አልሁት። ንድፉ ጸድቋል እኮ፣ እንዴት እለውጠዋለሁ አለ። በግራ እጁ አንገቱን ሲጠርግ መዳፉ ውሃ ሆኖ ተመለሰ። መኪናውን ካስነሣ በኋላ፣ መሠረቱ ገና አልተቆፈረም፣ አዲስ ሥዕል ካመጣሽ አቀርበዋለሁ አለ።

የመልስ ጉዞ

ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ዘግይቶ መጣ፤ ከዘገየም በኋላ ሞልቶ። በር አጠገብ ቆሜ ለዮሲ ደወልሁለት። ሽማግሌዎቹ እሺ አሉ ወይ አለ። እሺ ያሉት ገና ላልተነደፈ ቤት ነው አልሁት። ከዚያ እስከ ቴል አቪቭ ድረስ ጮኸብኝ፤ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ያዝሁት። ቴል አቪቭ ላይ ወንበር አገኘሁ፤ የወረቀቱን ጀርባ ገልብጬ መሳል ጀመርሁ። ሃይፋ ስደርስ ምሽት ሆኖ ነበር፤ ከካርሜል ተራራ ነፋስ ይወርዳል።

የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት በእሑድ ጠዋት አዲሱን ሥዕል ዮሲ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት። ምዕራቡን ለምን ደፈንሽው አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ካርሜ ጋት ሄደህ ተቀመጥ አልሁት። የተናገርሁት ተናድጄ ነው፤ ይሄዳል ብዬ አላሰብሁም። ሄደ። በማግሥቱ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ቢሮ ገባ። ሥዕሉን አንሥቶ ፈረመበት።

ዮሲ ግን ከባሕር ዛፎቹ አንዱን ለመኪና ማቆሚያው ካልቆረጥሁ ይላል። እስከ ዛሬ እየተጨቃጨቅን ነው።