የበሬው አጥንትና የልጄ መንጋጋ

ነገሩ የነካው አምስት ሰዎችን ነው። መጀመሪያ ልጄን፤ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ከዚያ እናቷን፣ ሚስቴን። ሦስተኛው የሚስቴ አባት ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚያርሱ ገበሬ፣ ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። አራተኛው ውጭ አገር ተምሮ ወደ ጎንደር የተመለሰ የመንጋጋ ሐኪም ነው። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ግንበኛ ነኝ፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ማንበብ የተማርሁት ቤት ከምሠራላቸው ሰዎች አሮጌ ጋዜጣ እየለመንሁ ነው። ስለዚህ ያልገባኝን ነገር እስኪገባኝ ድረስ መጠየቅ አላፍርም፤ ልጆቼም እንዲያፍሩ አልፈቅድም።

ልጄ በታች በግራ በኩል አንድ ጥርሷ ሲበሰብስ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቻለችው። ጉንጯ አብጦ ስንወስዳት ሐኪሙ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዞ አሳየኝ። ከጥርሱ ሥር ውኃ የቋጠረ እባጭ አድጎ አጥንቱን ከውስጥ ፈልፍሎታል፤ የቀረው እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው። ጠንከር ያለ ነገር ብትነክስ ሊሰበር ይችላል አለ። ከተሰበረ ፊቷ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፤ አፏም እንደ ልብ አይከፈትም። እባጩ መውጣት፣ ጉድጓዱም መሞላት ነበረበት።

በምን እንደሚሞላ ጠየቅሁት። ከዳሌዋ ጥቂት አጥንት ይወሰዳል፤ እሱ ብቻውን ስለማይበቃ ከአንድ ነጭ ጥራጥሬ ጋር ይደባለቃል አለኝ። ጥራጥሬው በትንሽ ጠርሙስ የታሸገ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይመስላል። ብቻውን ቢሞላ ሕይወት የለውም፤ የእሷ አጥንት ብቻውን ቢሞላ ደግሞ እየሟሟ ይጎድላል። ሲደባለቁ ግን ጥራጥሬው ቦታውን ይዞ ይቆይና የራሷ አጥንት በመካከሉ እየገባ ያድጋል። ይህ ወዲያው ገባኝ። ሲሚንቶ በቀበሌ ደብዳቤ በሚታደልበት በዚያ ዘመን ሥራዬ በጭቃ ነበር። ጭቃ ያለ ጭድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድም ያለ ጭቃ ግድግዳ አይሆንም።

ከዚያ ጥራጥሬው ከምን እንደተሠራ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ትንሽ አመነታና፣ ከውጭ አገር የበሬ አጥንት ነው አለኝ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። አያ የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እኛ ቤት ሰንብተዋል። ሚስቴ ከሆስፒታሉ ስንወጣ ክንዴን ያዘችና፣ «ድንጋይ ነው በላቸው» አለችኝ። «አንተም እኮ መጀመሪያ ድንጋይ ነው የመሰለህ።»

እምቢ አልሁ። ሰው በልጅ ልጁ አፍ ውስጥ የሚገባውን ነገር ማወቅ አለበት ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። በደግ ልብ የተነገረ ውሸትም ውሸት ነው። ሽሮው ቀርቦ ሳለ ነገርኋቸው።

አያ እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ። «ማን ባርኮ ያረደው በሬ ነው?»

አላውቅም አልኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ ይኼን ጥርሷ ሥር ቀብራችሁ ዕድሜ ልኳን ጾም ልታስገድፏት ነው? ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ በሬ በአፏ ይዛ ልትኖር?»

ልጄ ጉንጯን ደግፋ ሳቀች። «አያ፣ እኔ እኮ በሬውን አላኝከውም። እሱ ነው የሚያኝክልኝ።»

አያ አልሳቁም። በማግስቱ በጭነት ማኪና ወደ አገራቸው ሄዱ።

ተቆጥተው የቀሩ መስሎን ነበር። ቀጠሮው ሲቃረብ ግን በነጠላ የጠቀለሉትን ነገር ይዘው መጡና በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ውሰዱኝ አሉ። ሐኪሙ ፊት ፈቱት። የበሬ ቅልጥም ነበር። ከጥማዳቸው አንዱን፣ ቀዩን በሬ፣ በሁዳዴ አርደውታል።

«በስመ አብ ብዬ ባርኬ ያረድሁት ነው፤ ሸጋ በሬ ነበር» አሉት። «መግባቱ ካልቀረ ይኼ ይግባላት።»

ሐኪሙ አልሳቀም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና፣ እርጥብ አጥንት እንዲሁ ቢገባ እንደሚበሰብስ፣ የጠርሙሱ ግን ታጥቦና በእሳት ነድዶ ሥጋው ሁሉ እንደወጣለት አስረዳቸው። አያ ካላየሁ አላምንም አሉ። አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ መዳፋቸው ላይ ጥቂት አደረገላቸው። አሹት፣ አሸተቱት።

«ስብ የለውም?»

«የለውም፣ አባቴ።»

«ደምስ?»

«የለውም።»

«እንግዲያ አፈር ሆኗል» አሉ። «አፈር ጾም አያስገድፍም። አድርግላት።»

ልጄ ፋሲካ ሳይደርስ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት፤ የበሰበሰው ጥርስና አጠገቡ ያለው ከእባጩ ጋር ወጡ። በኋላ በተነሡት ራጆች ላይ ጥቁሩ ጉድጓድ ከዳር ወደ መሐል እየነጣ ሲሄድ አየሁ። ለመስቀል በዚያው ጎን የበቆሎ እሸት ስትግጥ ነበር።

ጥቅሙን ብቻ የሚያወራ አባት ልጆቹን ያታልላልና ዋጋውንም ልናገር። የበሬውን ሥጋ በሁዳዴ የሚነካው ክርስቲያን አልነበረም፤ አያ ቋንጣ አስደርገው ለፋሲካ ሊያቆዩ ሲሞክሩ አብዛኛው ተበላሸባቸው። ገበሬ ማኅበሩ የእርሻ በሬ ለምን አረድህ ብሎ ሸንጎ አቆማቸው። ክረምቱን የተረፈውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ተራ እየጠበቁ ስላረሱ ገብሳቸው ዘግይቶ ተዘራ፤ የሰበሰቡት ከወትሮው ግማሹን ነው። ለእሳቸው የተከፈተው ጠርሙስ አንዴ ከተከፈተ ለሕክምና አይሆንም፤ ሐኪሙ ከነበሩት ከጥቂቶቹ አንዱ ስለነበር ሌላ ሕመምተኛ አዲስ እስኪመጣ ጠብቋል። እኔ ማክሰኝት ወርጄ እህል ሸምቼ አያ ቤት አደረስሁ። ከገበያ እህል በልተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ተቀበሉኝ፣ ዓይኔን ግን አላዩም። ሚስቴ ድንጋይ ነው ብለህ ቢሆን ይህ ሁሉ ይተርፍ ነበር ትላለች፤ ስሌቷ ልክ ነው፤ እኔም ዳግመኛ ቢመጣ እውነቱን እናገራለሁ። ሲደመር፣ መንጋጋዋ የፈጀው ከራሷ ሁለት ጥርስና የዳሌ አጥንት፣ ከሐኪሙ አንድ ጠርሙስ፣ ከአያ አንድ በሬና ግማሽ መኸር፣ ከእኔና ከሚስቴ ደግሞ ያን ዓመት ሙሉ ሰላማችንን ነው።