ያልጮኸው ኮምፒውተር

አሶሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ አብሮ አደጌ የኔትወርኩን መስመር፣ እኔ ደግሞ የተማሪ ውጤት የሚቀመጥበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ እንይዝ ነበር። ያደግነው ባምባሲ አጠገብ በአንድ የሰፈራ መንደር ነው፤ የእሱም የእኔም ወላጆች ከወሎ የመጡት በአንድ መኪና ተጭነው እንደሆነ ስንሰማ ኖረናል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ወንድምዓለም» እለዋለሁ፤ እሱም «እታለም» ይለኛል። የሥራ ማስታወቂያው መውጣቱን የነገረኝም እሱ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ውስጥ ሲገባ፣ ሰርቨሩ አስቀድሞ የራሱን ቁልፍ ያሳየዋል። ረጅም የእንግሊዝኛ ፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ እኛ አሻራ እንለዋለን። የሚገባው ሰው ኮምፒውተር በመጀመሪያው ቀን ያንን አሻራ መዝግቦ ይይዛል። ሌላ ቀን በዚያው አድራሻ ሌላ አሻራ ከመጣ ይጮሃል፤ ይህ የምታውቀው ሰርቨር ላይሆን ይችላል፣ መሃል የገባ ሰው ሊኖር ይችላል እያለ ማያውን በማስጠንቀቂያ ይሞላዋል። ስንቱ ባለሙያ ሳያነበው እሺ ብሎ ያልፈዋል! እኛ ግን አናልፍም ነበር። ሰርቨሩ አጠገብ ያለው ሰው አሻራውን በስልክ ያነባል፣ ሩቅ ያለው ያመሳክራል። መስመሩ ስለሚቆራረጥና ቢ እና ዲ ስለሚምታቱብን ለየፊደሉ አገር ሰጠነው፤ ትልቁ ቢ የባምባሲ፣ ትንሹ ዲ የድባጤ፣ ኤም የማንኩሽ፣ ኬ የካማሺ። ለኪው የሚሆን አገር ስላጣን «ኪው የማንም» አልናት። ቢሮ ውስጥ የሚሰሙን ሁሉ የአውቶቡስ ረዳት ትመስላላችሁ እያሉ ይስቁብን ነበር።

አንድ ጊዜ ሰርቨሩ በፓስወርድ መግባትን ጨርሶ እንዲከለክልና የእኔን ላፕቶፕ ቁልፍ ብቻ እንዲቀበል ላደርገው አስቤ ነበር። «ተይው እታለም፣ ላፕቶፕሽ ቢበላሽ ደጅ ልታድሪ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ተውኩት።

የውጤት ማስገቢያው ጊዜ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ነጥብ ማስተካከል የሚቻለው በእኔ ፓስወርድ ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ኮሌጁ ካማሺ ያለውን ቅርንጫፋችንን ሠራተኞች እንዳሠለጥን ላከኝ። መንገዱ ወገቤን ቆርጦት ደረስኩና ላፕቶፔን ከፍቼ ወደ ሰርቨሩ ልገባ ስል ጮኸ። ወዲያው ለወንድምዓለም ደወልኩለት።

«መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩን አቃጠለው» አለኝ። «አንቺ ካስቀመጥሽው የባክአፕ ቅጂ እንደ አዲስ ጫንኩት። ቁልፉም አዲስ ነው።»

«በል አንብብልኝ።»

«እንዴ፣ እኔን ነው የምታጣሪው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አነበበ። ቀስ ብሎ፣ መስመሩ ሲቆረጥ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ማንኩሽን፣ ድባጤን፣ ካማሺን ጠራልኝ። የመጨረሻዋ «ኪው የማንም» ነበረች፤ እሷ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ሳቅን። ማያዬ ላይ ካለው ጋር አንድም አልተዛነፈም። አሮጌውን አሻራ ከላፕቶፑ አጥፍቼ አዲሱን ተቀበልኩና ፓስወርዴን አስገባሁ። እምቢ አለኝ። ደግሜ አስገባሁ፤ አሁንም እምቢ። «አንድ የቀረኝ ነገር ይኖራል፤ ስትመጪ እናየዋለን፣ አትድከሚ» አለኝ። እኔም አመሰገንኩት። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ አመሰገንኩት!

አሶሳ ተመልሼ ቢሮ ስገባ የሬጅስትራር ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የአንድ ተማሪ ውጤት በእኔ ፓስወርድ ተነካክቷል፤ የወደቀባቸው ኮርሶች ሁሉ ማለፊያ ሆነዋል። መምህራኑ እጅ ያለው ውጤት ግን ሌላ ነው። «እስከ ነገ ካላስረዳሽኝ ጉዳዩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አስተላልፋለሁ» አለችኝ። መባረሩ ባልከፋ፤ ውጤት የምትሸጥ እየተባለ ስሜ ሊዞር ነው። አሶሳ ደግሞ ወሬ ተደብቆ የሚያድርባት ከተማ አይደለችም።

ምን እንደተፈጠረ ለማየት ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ካማሺ እያለሁ ማንም አልነካውም፤ የሚያውቀው አሮጌውን አሻራ ብቻ ነው። ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኖ ከሆነ መጮህ አለበት። ጩኸቱን እየጠበቅኩ ገባሁ።

ዝም አለ። እንደ ወትሮው ፓስወርድ ብቻ ጠየቀኝ።

ዲስኩ አልተቃጠለም፤ ሰርቨሩ ያው የድሮው ነው። እኔ ካማሺ ሆኜ ፓስወርዴን ያስረከብኩት የተጻፈለትን መዝግቦ ለሚያስቀር ሌላ ማሽን ነው። የሰርቨሩን አድራሻ ወደ ሌላ ማሽን ማዞርና መልሶ ማቅናት የሚችል ሰው ደግሞ በኮሌጁ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። የተማሪውን ስም ሳየው የወንድምዓለም ሚስት ታናሽ ወንድም ሆኖ አገኘሁት። ሰርጋቸው ላይ አብረን ጨፍረናል። መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ቀጥሎ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ኃላፊዋን ጠርቼ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኩላት። ሁለቱም የሚገቡት ወደ አንድ ሰርቨር ነው። የጠረጴዛው ዝም አለ፤ ካማሺ ወስጄው የነበረው ላፕቶፕ ግን ጮኸ፤ ምክንያቱም ያመነው ወንድምዓለም ያነበበልኝን አሻራ ነው። እሷም የዋዛ ሴት አይደለችም፤ የእሱን ክፍል አስከፈተች። መስኮቱ ሥር የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር ስናበራው ያንኑ አሻራ አወጣ፤ ኪው የማንምን እስከ መጨረሻው። ለማጥፋት እንኳ አልተጨነቀም። እኔ እሱን እንደማልጠረጥር ያውቅ ነበራ!

የእኔ ስም ነጻ ወጣ፤ እሱ ታገደ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ዛሬም አልዋሽም፣ ይቅርታ ቢለኝ ኖሮ ምን እንደምመልስለት አላውቅም። እሱ ግን ዐይኑን በጨው ታጥቦ፣

«እታለም፣ ስለ ዲስኩ ዋሽቼሻለሁ። ቁልፉን ግን አንብብልኝ አልሽኝ፣ አነበብኩልሽ። በአንዲት ፊደል አሳስቼሻለሁ?» አለኝ።

በፊደል አላሳሳተኝም። ማንኩሽንም፣ ድባጤንም፣ ካማሺንም በትክክል ነበር የጠራልኝ።