አያቴ ያልነዳት መኪና

ባለፈው ሰሞን ሳን ሆዜ ውስጥ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ፣ ከኋላዬ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ እየሳለ የሚያጉረመርም የሞተር ድምፅ ሰማሁና፣ ዞሬ ሳላይ ፊቴ ጋለ። ድምፁን አወቅሁት። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነበር፤ አባቴ ያችን ትንሽ አረንጓዴ መኪና ለማስነሳት ሲታገል፣ ጎረቤቶቻችን መስኮት ሲዘጉ፣ እናቴ ከኩሽና «ዛሬም ልትሄዱ ነው?» ስትል ይሰማኝ ነበር። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ልጅነቱ ደስ እያለው ይመጣለት ይሆናል። እኔን ግን ዛሬም ቀድሞ የሚይዘኝ እፍረት ነው።

መኪናዋ የመጣችልን በመጋቢት፣ የሄይዋርድ ኮረብታዎች ለጥቂት ሳምንታት ለምለም በሚሆኑበት ወቅት ነው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ከማል ደግሞ ገና ሰባት። አባታችን ሰይድ ኦክላንድ ኤርፖርት መንገደኞችን ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ የሻትል ሹፌር ነበር፣ እናታችን ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ታሽግ ነበር። አጥር የሚያዋስነን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቤቱን ሸጦ ልጁ ዘንድ ሊሄድ ሲነሳ፣ አባዬ ከሥራ ኦፍ በሆነ ቁጥር እየሄደ ሳጥን ሲያነሳለትና ሲጭንለት ሰነበተና፣ በመጨረሻ ሽማግሌው ጋራዡ ውስጥ ሸራ ለብሳ ለዓመታት የተኛችውን መኪና «ውሰዳት» ብሎ ቁልፏን ሰጠው። የእንግሊዝ ስሪት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ ስፖርት መኪና ነበረች። እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞራ ዞራ አየቻትና «አራት ነን እኮ! ሁለታችን ከኋላ እየሮጥን ልንከተል ነው?» አለች። አባዬ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

በጋው ሲገባ አባዬ ካምቤል መሄድ ጀመረ። የአሮጌ እንግሊዝ መኪና ወዳጆች በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ አንድ ዳቦ ቤት ፓርኪንግ ላይ እንደሚገናኙ የነገረው ያው ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው ወንበር ለእኔ ይሰጠኝ ነበር፤ ከማል ትንሽ ስለሆነ ይሰለቻል፣ እኔ ደግሞ አባዬ ያልያዘውን እንግሊዝኛ ጆሮው ስር ሆኜ አስረዳዋለሁ። ፍሪዌዩ ላይ ነፋሱ ጸጉሬን እየበተነው፣ ከጎናችን የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ጎማ ከራሴ በላይ እየሆነ እንሄድ ነበር፣ መንገዱ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰዎቹ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ነጭ ወንዶች ነበሩ። ገና እንደ ደረሱ ኮፈን ከፍተው ይጎነበሳሉ፣ ከዚያ ክርክር ነው። የዚህ ብሎን ጭንቅላት በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር ወይስ አልነበረም? መሪው እንጨት ነበር ወይስ ፕላስቲክ? የወንበሩ ስፌት የፋብሪካው ነው ወይስ በኋላ የተሰፋ? ግሌን የሚባል አንድ ቀጭን ሰው ትንሽ የእጅ ባትሪና መስታወት ይዞ እየተንበረከከ ከስር ያይ ነበር፤ እሱ ተነስቶ ጉልበቱን እያራገፈ «ኦሪጅናል ነው» ካለ፣ ባለመኪናው ልጁ እንደተመሰገነለት አባት ደረቱን ይነፋ ነበር።

የእኛ ተራ ሲደርስ ግሌን ብዙ አልቆየም። የበሩን ጠርዝ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ከአረንጓዴው ስር ክሬም ቀለም አሳየ። ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር አካሏ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። ጎማዎቹ እንደ ብስክሌት በቀጫጭን ሽቦ የተወጠሩ መሆን ሲገባቸው ድፍን ብረት ሆነው ተገኙ፣ መሪውም ከሌላ መኪና የመጣ ነው ተባለ። በክፋት አልተናገረም፤ እንዲያውም የአባዬን ትከሻ ቸብ አድርጎ «ለመንዳት ጥሩ መኪና ናት» አለው። አባዬ ምስጋና መስሎት ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን የቆሙትን ሰዎች ፊት አይቼ ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ ሌላ የሚባልላት ነገር የለም ማለት ነው። ሰዎቹ ወደሚቀጥለው መኪና አለፉ፣ እኛ ከመኪናችን ጋር ብቻችንን ቀረን። በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው ሆነ፣ ያን ጊዜ ግን አባዬም ገብቶት ነበር።

የስብሰባው አስተባባሪ ሮጀር የሚባል ረጅም፣ ደግ ሽማግሌ ነው። አባዬ ብቻውን መቆሙን አይቶ ቡና ይዞለት መጣና «ሰይድ፣ አንተስ እነዚህን መኪናዎች እንዴት ወደድካቸው?» ብሎ ጠየቀው። እውነቱ ቀላል ነበር፤ ሄይዋርድ ጋራዥ ውስጥ እስኪያያት ድረስ አባዬ እንዲህ ያለች መኪና በዓይኑ አይቶ አያውቅም። እሱ ግን ቡናውን ትንሽ ሲያማስል ቆየና፦

«አባቴ እንደዚህ ያለች መኪና ነበረችው» አለ። «አገሬ፣ ደሴ።»

ቀና ብዬ አየሁት። አያቴ መሐመድ ደሴ የትምህርት ቤት ዘበኛ እንደነበሩ፣ ከአውቶቡስ በቀር መኪና እንዳልተሳፈሩ አጎቴ ሲያወሩ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሮጀር ግን «ኑ፣ ይህን ስሙ!» ብሎ ሌሎቹን ጠራ። መጡ። ክብ ሠርተው ቆሙ፣ በአባዬ ዙሪያ እንደዚያ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነበር። አባዬም ቀጠለ፤ አንድ እንግሊዛዊ አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናውን ለአባቱ ትቶ እንደሄደ፣ አባቱም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መሪውን ያስይዙት እንደነበር ተናገረ። ግሌን ሳይቀር ባትሪውን አጥፍቶ አዳመጠ። አንዲት ብሎን ለግማሽ ሰዓት ከሚመረምሩት ሰዎች ይህን ማንም አልመረመረውም።

ስንመለስ በእንግሊዝኛ «ለምን እንደዚያ አልክ?» አልኩት።

«ወሬ ነው፤ ማንን ይጎዳል?» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ከዚያ ወዲህ ወሬው በየወሩ ያድግ ነበር። አስተማሪው ስም ወጣለት፣ መኪናዋ ቀለም አገኘች፣ አያቴ ጓንት አጠለቁ። አባዬ ሲመጣ ሰዎቹ ከሩቅ እጃቸውን ያነሱለት ጀመር፣ ቡናውም ሳይጠይቅ ይመጣለት ነበር። እኔ ለስላሳዬን ይዤ አስፋልቱን እያየሁ እቆም ነበር። ቃል ሲጠፋው ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሀያት፣ ጠመዝማዛ በእንግሊዝኛ ምንድነው?» ይለኝ ነበር፣ እኔም እነግረው ነበር።

መስከረም ላይ፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ መናፈሻ ላይ ዓመታዊው ትርዒት ተዘጋጀ። አባዬ መኪናዋን ሌሊቱን ሲወለውል እንዳያድር እናቴ ጎትታ አስገባችው። እሷ ደግሞ የራሷን ነገር አስባ ነበር፤ ስለወሬው የምታውቀው የለም፣ ባሏ ፈረንጆች መሀል እንዲህ መከበሩ ግን ደስ ብሏት «ሰርፕራይዝ እናድርገው» አለችና ኦክላንድ ላሉት አጎቴ ለጋሼ ይማም ደወለች። ጋሼ ይማም የአባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። አገር ቤት እያሉ አባታቸው ከሞቱ በኋላ አባዬን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እዚህም መጀመሪያ ቤታቸው አሳርፈው ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ኦክላንድ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እየቆረጡ ይሠሩ ነበር፣ ለትርዒቱ ግን ለዒድ የሚለብሱትን ሱፍ ለብሰው እናቴንና ከማልን በመኪናቸው ይዘው መጡ።

ያን ቀን ሮጀርም የራሱን ሰርፕራይዝ አዘጋጅቶ ነበር። በየመኪናው ፊት ታሪኩ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል፤ በእኛ መኪና ፊት የቆመውን ራሱ ሮጀር፣ ከአባዬ አፍ የሰማውን ሁሉ በሚያምር ፊደል አስጽፎ አመጣው። አባዬ ሲያየው ክው አለ። ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ወንድሙ ሣሩን አቋርጠው ሲመጡ አየ።

ጋሼ ይማም አቅፈው ሳሙት፣ መኪናዋን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ «ማሻ አላህ» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን ፈልገው አጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ምን ይላል፣ ሀያት? አንብቢልኝ እስኪ።»

ዓይኔን አባዬ ጫማ ላይ ተከልኩ። ከማል ግን ማንበብ የሚወድ ልጅ ነበርና ጣቱን እያስከተለ አነበበ፣ አንብቦም በደስታ ዘለለ፦

«ጋሼ! አያታችን መኪና ነበረው ይላል! ስፖርት መኪና!»

ጋሼ ይማም ሳቁ። «ከሌላ ሰው ጋር አምታተውት ነው። ሰይዶ፣ ንገራቸው እንጂ።» አባዬ የመኪናዋን በር ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይጠርግ ጀመር። አጎቴ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረና ቀስ ብሎ ጠፋ። እናቴ አንዴ አባዬን፣ አንዴ ሰሌዳውን ታያለች። በዚህ መሀል ሮጀር እጁን ዘርግቶ እየሳቀ ደረሰና ወንድማማች መሆናቸውን ሲሰማ የአጎቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ «እርስዎማ ታላቁ ነዎት! መኪናዋን በደንብ ያስታውሷታል!» አለ።

ዙሪያችን የቆሙት ሁሉ ጠበቁ። ጋሼ ይማም በዘመናቸው ዋሽተዋል ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ ሱቅ ውስጥ መልስ ተርፎ ከተሰጣቸው ተሰልፈው የሚመልሱ ሰው ናቸው። አባዬን አዩት። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«አዎ» አሉ በእንግሊዝኛ። «ጥሩ መኪና ነበረች።»

ሮጀር ደስ ብሎት ሌላ እንግዳ ሊቀበል ሄደ። ጋሼ ይማም እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉና ድምፃቸውን ሳያነሱ «በአባባ ስም አስዋሸኸኝ» አሉ። «አባባ ምን ጎደለውና ነው መኪና የሰጠኸው? ኩፍኝ ይዞህ ከሐይቅ ከተማ ደሴ ድረስ በጀርባው ተሸክሞህ ሲሄድ አንተ አታስታውሰውም፣ እኔ ግን ከኋላው እየተከተልኩ ነበር። ያንን ብትነግራቸው ምን ይልህ ነበር?» ሣሩን አቋርጠው ሄዱ። እናቴ ከማልን እጁን ይዛ ተከተለቻቸው፤ እኔ ከአባዬ ጋር ቀረሁ፣ ትርዒቱ እስኪያልቅ ድረስ ሰዎች እየመጡ ሰሌዳውን ሲያነቡና «እንዴት ያለ ታሪክ ነው!» ሲሉት አብሬው ቆሜ ሰማሁ።

ረመዳን ገባ። ሌላ ዓመት ቢሆን ቅዳሜና እሑድ ከአጎቴ ቤተሰብ ጋር ነበር የምናፈጥረው፤ ያን ዓመት ስልኩ አልጮኸም። እናቴ አልተቆጣችም፤ ከመቆጣት የከፋው፣ አባዬን ስታናግረው እንደ እንግዳ ሰው በትሕትና ታናግረው ነበር። መኪናዋ ሸራዋን ለብሳ ጓሮ ቆመች። የዒድ ዕለት ከሶላት በኋላ አባዬ እኛን ሁሉ ይዞ ኦክላንድ ሄደ። አጎቴ በሩን ከፍተው እንደ ወትሮው አስገቡን፣ አበሉን፣ ለእኔና ለከማል የዒድ ስጦታችንን ሰጡን። አባዬ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊይዝ ሲል አነሱት።

«ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ።»

«እኔ ይቅር ብያለሁ። አባባን ግን ከዚያ ሰሌዳ ላይ አውርደው።»

ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ዝናብ አዝሎ፣ ካምቤል ሄድን። ልንደርስ ስንል አባዬ «ዛሬ አታስተርጉሚልኝ» አለኝ። ሰዎቹ ቡና ይዘው በተለመደው ክብ ሲቆሙ ኮፍያውን አወለቀና፣ በዚያ በሚሰባበር እንግሊዝኛው ተናገረ። «አባቴ ዘበኛ ነበር። የትምህርት ቤት ዘበኛ። መኪና የለውም፣ በእግሩ ነው የሚሄደው። እኔ ዋሸኋችሁ። ይቅርታ።»

ግሌን ባትሪውን አበራ፣ አጠፋ። ሮጀር እስከ ጆሮው ቀላና «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» አለ፣ ቶሎ ቶሎ። ከዚያ አንዱ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ሌላው ኮፈን ከፈተ። ዘበኛው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ የጠየቀ አልነበረም። እኔ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ወንበሩ ስር ብገባ በወደድኩ። አባዬ ግን ወዲያው አልሄደም፤ ቡናውን እስከ መጨረሻው ጠጥቶ፣ ሁሉንም በየተራ ጨብጦ ነው የተሰናበተው።

ተመልሶ አልሄደም። ክረምቱ አልፎ ኮረብታዎቹ እንደገና ሲለመልሙ መኪናዋን ግሌን ገዝቶ ወሰዳት፤ የቀድሞ ቀለሟን ሊመልስላት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሮጀርን ደግሞ አንድ ቀን አባዬ ኤርፖርት አገኘው። ሮጀር ሻንጣውን ይዞ ሻትሉ ላይ ወጣና ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ትንሽ ከሄዱ በኋላም «አባትህ የሚጠብቀው ትምህርት ቤት ትልቅ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ ተርሚናሉ እስኪደርሱ ድረስ ነገረው። ማታ ይህን ለእናቴ ሲያወራላት፣ ከዚያ መስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሲስቁ ሰማሁ።

ዛሬ እኔ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ቢሮ ሥራ ፈላጊዎችን ኢንተርቪው አደርጋለሁ። ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው ስለራሳቸው ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ትንሹ ይተልቃል፣ የሌላው ሥራ የራስ ይሆናል፣ የአያት ድህነት እንኳን ለሥራው ይጠቅም እንደሆነ ወሬው ውስጥ ይገባል፣ ማንም ፊቱ አይለወጥም፣ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ አዳምጣለሁ። በዚያ ዘመን አባቴ ስለዋሸ አፍሬ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ እውነቱን ሲናገር ደግሞ የባሰ አፈርኩ፣ ምን አለ ዝም ብሎ ቢተወው ብዬ። አሁን ሌላ ነው። ስንት ሰው ይገጥመኛል፣ ያን ያህል ማፈር የሚችል ሰው ግን አልገጠመኝም፤ እኔም ራሴ በዚያ ክብ መሀል ብቆም ያችን «ዋሸኋችሁ» የምትል ቃል ከአፌ የማወጣት አይመስለኝም።