ሳርፖማ ሙሾ ያስተማረችን ቀን

አጆዋ ሳርፖማ ያለ ዲፕሎማ አሥራ ስምንት ዓመት አስተምራለች። ዲፕሎማ የሌለው ይሰናበታል የሚል ደብዳቤ ሲደርሳት፣ በአርባ ስድስት ዓመቷ ከጋናዋ ኩማሲ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የመምህራን ኮሌጃችን ገባች። በዕድሜ ልጆቿ ነን፤ “ማሜ” እንላታለን፣ እማዬ እንደማለት። የሥነ ጽሑፍ ፈተናዎቹን ወድቃለች፤ የቀራት በየተራችን ለክፍሉ የምናስተምረው ትምህርት ነበር። ሠላሳ ነን፤ እያንዳንዳችን ከአሥር እንሰጣለን፤ ድምሩ መቶ ሃምሳ ካልሞላ ኮሌጁም ሥራዋም አበቃ።

የደረሳት ርዕስ ሙሾ ነበር። ቀናንባት። በሰፈሯ እሷ ሙሾ ካላወረደች ለቅሶው ለቅሶ አይባልም።

ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ ሙሾ የሟቹን እናት፣ አያት፣ ዘሩ የመጣበትን አገር እየጠራ እንደሚወርድ አስረዳች። መምህራችን መዳም ኦፎሱዋ ከኋላ ሆነው፣ “በይ አንዱን አሰሚን” አሉ።

“ማን ሞቶ?”

“ለምሳሌ ነዋ!”

“ሰው ሳይሞት አይወረድም፣ መዳም። ሞት መጥራት ነው።”

የክፍላችን ቀልደኛ ክዋኩ ቤዲያኮ ዴስኩ ላይ ተንጋለለ። “ማሜ፣ ይኸው ሞትኩልሽ! ቶሎ አልቅሺልኝ፣ የምሳ ፉፉዬ ሳይቀዘቅዝ!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ።

“ተነስ፣ ባለጌ! አባትህ አሉ?”

“ከሞተ ሦስት ዓመቱ።”

“ተለቀሰላቸው?”

“እንዴታ! ስፒከር ተከራይተን፣ ዲጄ አምጥተን!”

“እንግዲያው ለእሳቸው አወርዳለሁ። እናታቸው ማን ይባላሉ?”

“ናና ነበር የምንላት።”

“አያት ሁሉ ናና ነው። ስማቸውን!”

ክዋኩ ዞሮ አየን። ምን እናድርገው? ሳርፖማ ጠመኔውን አስቀመጠች። “የማን ልጅ ብዬ ልጥራቸው? ስም ከሌለ ሙሾ የለም። ትምህርቱ ይኸው ነው” ብላ ተቀመጠች። ከተሰጣት አርባ ደቂቃ ገና አሥራ ሁለቱ ነበር የሄደው።

ወረቀት ታደለ። “ምሳሌ አላሳየችም” ብዬ ሦስት ሰጠኋት። ትክክለኛ ዳኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ውጤቱ ተለጠፈ። ሳርፖማ ወድቃ፣ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ትሮትሮ የምንለውን ሚኒባስ ስትጠብቅ ክዋኩ እየሮጠ ደረሰ። ለአክስቱ ደውሎ የጠየቃቸውን ስሞች በደብተር ቅዳጅ ላይ ጽፏቸዋል።

“ማሜ፣ አገኘኋቸው።”

አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች፤ ከዚያ አወረደችው። ሟቹን በእናቱ ጠራችው፣ በአያቱ ጠራችው፣ ከቮልታ ወንዝ ማዶ በመጡት ሰዎች ጠራችው። ክዋኩ አፈሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔ የአባቴን እናት ስም ፈልጌ አጣሁት፤ በጣም አፈርኩ።

ትሮትሮው መጣ። ሳርፖማ ክዋኩን ደግፋ አስነሳችው፣ ሱሪውን አራገፈችለት፣ ገባች፣ ሄደች።

ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ተመለስኩ። ከስሟ ጎን መቶ አርባ ስድስት ይላል። እኔ የነፈግኋት ሰባት ነው።